ሞተሬ የጠጣው ዘይት፦ የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ፍሬን በግቢዬ ያደስኩበት ተሞክሮ

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከሐዋሳ ተነስቼ ወደ ቱላና ሞሮቾ፣ አልፎ አልፎም ወደ ወንዶ ገነት ስለምመላለስ ሞተር ብስክሌት ለእኔ እንደ መርፌና እንደ መድኃኒት የሥራ ዕቃዬ ነው። ያለኝ ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ነው። በ2013 ዓ.ም. ያገለገሉ ንብረቶች በጨረታ ሲሸጡ ገዛሁት። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ ሰንሰለቱና ጥርሱም ብዙ የሚያገለግሉ ነበሩ። ፍሬኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላማረኝም። የፊቱ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት)፣ የኋላው ታምቡሮ (ሸራዎቹ ከበሮ በመሰለ ብረት ውስጥ የሚሠሩበት) ነው። የፊቱን ማንሻ ስጨብጠው እየለሰለሰ እስከ መሪው እጀታ ድረስ ይመጣል፤ ሞተሩ ግን ለመቆም አይቸኩልም።

በዚህ ሁኔታ ከሁለት ዓመት በላይ ነዳሁት። መንዳት አልነበረብኝም። በእነዚያ ዓመታት ያደረግሁለት ሕክምና ሁሉ ምልክቱን እንጂ በሽታውን የሚነካ አልነበረም። የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አንድ ወዳጄ ሰፋ ያለ ዲስክ እንዳስገባ መከረኝ። ሌላው ከትልቅ ሞተር የወጣ የፍሬን ማስተር፣ ማለትም ማንሻው ሲጨበጥ ፈሳሹን ወደ ታች የሚገፋውን ክፍል፣ በርካሽ ሊሸጥልኝ አመጣ። ለሁለቱም ገንዘብ እያጠራቀምኩ ሳለሁ የጥር 2016ቱ ነገር ደረሰ።

የፍሬን ዘይቱ ከምልክቱ በታች ወርዶ ስላየሁ አንድ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ወጣቱ መካኒክ የማስተሩን ክዳን ከፈተና ምንም ጽሑፍ ከሌለው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላልኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ከሞሮቾ ስመለስ ቱላን እንዳለፍኩ ሞተሩ ከበደኝ። ነዳጅ ያለቀ መሰለኝና ማርሽ ቀነስኩ። እየባሰ ሄደ። የፊት ጎማዬ እየተያዘ መሆኑ የገባኝ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ነው። ከኋላዬ አንድ አይሱዙ እየመጣ ነበር፤ እንደ ምንም ወደ ዳር ወጣሁ። ጎማውን በእጄ ላዞረው ብሞክር አልንቀሳቀስ አለ። ዲስኩ ላይ ጠብ ያደረግሁት ውሃ ሳይፈስ ተነነ።

እዚያው መንገድ ዳር ያዳነኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ለሌላውም ሊጠቅም ይችላል። ዲስኩን ከሁለት ወገን በሚጨብጠው ካሊፐር ላይ በጎማ ክዳን የተሸፈነች ትንሽ የአየር ማስወጫ ቡሎን አለች። በ8 ቁጥር መፍቻ ሩብ ዙር ያህል ላላ ሳደርጋት ትኩስ ፈሳሽ ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማው ወዲያው ተፈታ። እጅና ዓይን ከፊቷ መራቅ አለባቸው፤ የሚወጣው ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ቡሎኗን መልሼ አጠበቅሁ። የፊት ፍሬኑ ሊታመን ስለማይችል ግን አልነዳሁትም፤ በጭነት ባጃጅ አስጭኜ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ኤንትሬ በሚባሉት የጭነት መኪናዎች ዘመን የአሰብን መስመር ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሞተሩን ከባጃጁ ስናወርድ አይተው መጡና ዙሪያውን ዞረው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ይህ ሞተር ምን ጠጣ?»

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ በየቀኑ ለአርሶ አደሩ የማቀርበው ነው። ላሟ ምን በላች? ምን ጠጣች? ከየት ወንዝ? ለሞተሬ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። «የፍሬን ዘይት ነው የሞሉልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ዘይት መሆኑን እማ እኔም ጠርጥሬያለሁ» አሉና ብርጭቆ ውሃ እንዳመጣ አዘዙኝ።

ከማስተሩ ውስጥ በሲሪንጅ ትንሽ ቀድቼ ውሃው ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁት። ትክክለኛው የፍሬን ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ከውሃው ጋር ተዋህዶ በጠፋ ነበር። የእኔ ግን ግማሹ እንደ ወጥ ቅባት ክብ ክብ ሠርቶ ተንሳፈፈ። ሞተሬ የጠጣው የማሽን ዘይት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ስሙ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁላችንም «የፍሬን ዘይት» እንላለን። ዘይት ግን አይደለም። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ፈሳሽ ዓይነቶች ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል የሚሠሩ ናቸው፤ ውሃ ይወዳሉ፣ ከውሃ ጋር ይዋሃዳሉ። በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎችም፣ ማለትም ፈሳሹ እንዳያፈስ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች፣ ለዚህ ፈሳሽ ተመርጠው የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ጎሚኒዎች የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ ናፍታ ወይም ቤንዚን ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። በማስተሩ ውስጥ ፈሳሹ ከካሊፐር ወደ ላይ የሚመለስባት በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አለች። ያበጠው ጎሚኒ ያቺን ቀዳዳ ይሸፍናታል። ያን ጊዜ ማንሻውን ብትለቁትም ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይቀራል፤ ሰበቃው ያሞቀዋል፤ የሞቀው ፈሳሽ ይሰፋና ይበልጥ ያጣብቀዋል። ሰው ሳይነካው ራሱን በራሱ የሚያጠብቅ ፍሬን ማለት ነው። ቱላ መንገድ ላይ የደረሰብኝ ይኸው ነው።

የሞላልኝ ልጅ ክፉ አይደለም። «ዘይት ጨምርልኝ» ሲባል ዘይት ጨመረ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ «የፍሬን ፈሳሽ» እላለሁ፤ ጠርሙሱን ዓይኔ ሳያየው፣ ክዳኑ ላይ ዶት 4 የሚለውን ሳላነብ ማንም እንዲከፍትልኝ አልፈቅድም።

አንድ ጊዜ ዘይት የገባበት ፍሬን ታጥቦ አይድንም። ጎሚኒው ሁሉ፣ የጎማ ቱቦውም ጭምር መቀየር አለበት። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እንግዲያው አንዴ ከተፈታ ሰፊውን ዲስክና ትልቁን ማስተር ላስገባ» የሚል ነበር። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ፍሬን መልስለት። ትልቅ ፍሬን የሚያስፈልግህ መሆን አለመሆኑን ያን ጊዜ ታውቀዋለህ።»

ማታ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። የእኔ ዲስክ ስፋት 220 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 240 ባሳድገው የሚጨምረው የማቆም ኃይል ከስፋቱ ጋር ስለሚያድግ 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ለካሊፐሩ አዲስ መያዣ ቶርኖ ቤት ማሠራት፣ መስመሩን ማስተካከል አለብኝ። የማስተሩ ስሌት ደግሞ የበለጠ አስደነገጠኝ። የማስተር ፒስተን ሲሰፋ ፍሬኑ የሚጠነክር ይመስለን ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ11 ሚሊ ሜትር ፒስተን ፈንታ 12.7 ሚሊ ሜትር ቢገባ በዚያው የእጅ ጉልበት ወደ ካሊፐሩ የሚደርሰው ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ማንሻው ጠንካራ ሆኖ ስለሚሰማ ሰው ፍሬኑ የተሻለ ይመስለዋል፤ የሚቆምበት ርቀት ግን ይረዝማል። ያንን ማስተር ባለመግዛቴ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ሥራው ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀ። ሞተሩን ከቤቱ ጀርባ ማንጎው ሥር አቆምኩት፤ ከታች ንጹሕ ሸራ አነጠፍኩ፤ ነዳጅ ታንከሩንና የፊት መከላከያውን በእርጥብ ፎጣ ሸፈንኩ። የፍሬን ፈሳሽ ቀለም ይልጣል። ጠብ ካለም ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ እንጂ በጨርቅ ማሸት አይጠቅምም።

ካሊፐሩን ስፈታ ከሁሉ አስቀድሜ ያላላሁት የአየር ማስወጫዋን ቡሎንና ቱቦውን የሚይዘውን ቡሎን ነው፤ ካሊፐሩ ገና በሹካው ላይ ታስሮ ሳለ። አንዴ ከወረደ በኋላ እጅ ላይ ይሽከረከራል፤ የጠነከረ ቡሎን ለመፍታት ሞርሳ ያስፈልጋል። ፒስተኑን ለማውጣት ቱቦው ሳይነቀል ሸራዎቹን አውጥቼ ማንሻውን ቀስ በቀስ ጨበጥኩ፤ በራሱ ግፊት እየተገፋ ወጣ። ብዙ ሰው በፒንሳ ይጎትተዋል፤ ያ ፒስተኑን ይጭረዋል፣ የተጫረ ፒስተን ደግሞ አዲሱን ጎሚኒ ይቆርጣል። በጋራዥ የአየር ፓምፕ የሚያስወጡም አሉ፤ ፒስተኑ እንደ ጥይት ስለሚወጣ ጣት ሊሰብር ይችላል። በማንሻው የሚወጣው ዝግታ ለእኔ ይበቃኛል።

ፒስተኑ ሲወጣ ያየሁት ነገር የሁለት ዓመት ጥያቄዬን መለሰልኝ። በካሊፐሩ ውስጥ ባለ ቦይ ተቀምጦ ፒስተኑን የሚያቅፍ ባለ አራት ማዕዘን ጎሚኒ አለ። ብዙዎቻችን ሥራው ፈሳሹን ማገድ ብቻ ይመስለናል። ሌላም ትልቅ ሥራ አለው። ፒስተኑ ሲገፋ ይህ ጎሚኒ አብሮት ትንሽ ይጠመዘዛል፤ ማንሻው ሲለቀቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። የዲስክ ፍሬን መመለሻ ሞላ የለውም፤ ሞላው ይህ ጎሚኒ ነው። በእኔ ካሊፐር ቦዩ ውስጥ ነጭ ጨው የመሰለ ዝገት ተጋግሯል፣ ጎሚኒው ደግሞ በዘይቱ አብጦ እንደ እርጥብ ሳሙና ሆኗል። ቦዩን በእንጨት ስንጥርና በጥርስ ብሩሽ፣ በንጹሕ አልኮል አጠብኩት። በካቻቢቴ መፋቅ አይገባም፤ በቤንዚን ማጠብም እንዲሁ። ለማጠቢያ አልኮል ወይም ራሱ አዲሱ የፍሬን ፈሳሽ ብቻ።

ሁለተኛው ግኝት ካሊፐሩ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች ናቸው። እንደዚህ ባለ ፒስተኑ በአንድ ወገን በሆነ ፍሬን ካሊፐሩ ራሱ ካልተንሸራተተ የሚሠራው አንደኛው ሸራ ብቻ ነው። አንደኛው ዘንግ በደረቀ ግራሶና በአቧራ ተጣብቆ በእጅ አልወጣም አለ። ሁለት ጊዜ የቀየርኳቸው ሸራዎች ለምን ባንድ ወገን ብቻ ተበልተው እንደተገኙ ያኔ ገባኝ። አሮጌ ሸራ ስትጥሉ ሁለቱን አስተያዩአቸው፤ አንዱ ከሌላው በጣም ካነሰ በሽታው ከዘንጎቹ ነው፣ ሸራ መቀየር አያድነውም። ዘንጎቹን አጽድቼ ለፍሬን ተብሎ በተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ቀባኋቸው። የተለመደው የመኪና ግራሶ እዚህም ጎማውን ያሳብጣል።

አዲስ ጎሚኒ ፍለጋ ላይ አንድ ስህተት ልሠራ ነበር። አዲስ አበባ የሚሄድ ባልደረባዬ መርካቶ ሶማሌ ተራ እንዲገዛልኝ አሮጌውን ናሙና ሰጠሁት። ጋሼ ከእጁ ተቀበሉትና «ያበጠ እግር ይዘህ ጫማ ትለካለህ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያበጠ ጎሚኒ ናሙና አይሆንም። የፒስተኑን ስፋት ካሊቦ በሚባለው የውፍረት መለኪያ ለክቼ ከሞተሩ ሞዴልና ዓመት ጋር ጻፍኩለት። ለማስተሩም ለካሊፐሩም ሙሉ የጎሚኒ ስብስብ ይዞልኝ መጣ፤ በትክክል ገባ። ስትገጥሙ ጎሚኒውን በአዲስ የፍሬን ፈሳሽ አርጥባችሁ፣ ፒስተኑንም ሳታጋድሉ በሁለት አውራ ጣት ግፉት። ከተጋደመ ቆም ብሎ እንደገና መጀመር ነው።

ዲስኩን ለመለካት ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ዲስክ ላይ አምራቹ የሚቀርጸው ዝቅተኛ ውፍረት አለ፤ ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ሙቀት መሸከም ስለማይችል ይጣላል። የእኔ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የቶርኖ ባለሙያው «ላስተካክለው» አለኝ፤ ያቺን የቀረችውን ስለሚበላብኝ እምቢ አልኩ። በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጌ አሻሸሁት፣ በአልኮል ጠረግሁት፤ በቃ።

ወደ ቱቦው ልምጣ፤ ከፋብሪካው ሥራ አልፌ ያሻሻልኩት አንድ ነገር እርሱ ነው። የጎማ የፍሬን ቱቦ ሲያረጅ ከውጭ ጤነኛ ይመስላል። ከውስጥ ግን ይለሰልሳል፤ ማንሻው ሲጨበጥ ጉልበታችሁ ሸራውን በመግፋት ፈንታ ቱቦውን ይነፋዋል። አንድ ሰው ማንሻውን አጥብቆ ሲጨብጥ እናንተ ቱቦውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ብታዩ የሚያብጥ ከሆነ ይሰማችኋል። የእኔ ይሰማ ነበር። አምራቾች በየአራት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ በእኔ ሞተር ላይ የነበረው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያልተነካ ይመስለኛል።

በእርሱ ምትክ ያስገባሁት ከውስጥ ቴፍሎን፣ ከውጭ በብረት ሽቦ የተሸመነ ቱቦ ነው። ይህ አይነፋም። ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ርዝመቱን የለካሁት በገመድ ነው፤ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቼ ሹካው ሙሉ በሙሉ እንዲረዝም ካደረግሁ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራም ቀኝም አዙሬ። ሹካው ተጨምቆ ሳለ የለካ ሰው በመጀመሪያው ጉድጓድ ቱቦው ይወጠርበታል። ስታዝዙ ቡሎኑንም ጠይቁ። የጃፓን ሞተሮች በአብዛኛው ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 የሆነ ቡሎን ይጠቀማሉ፤ የአውሮፓው በብዛት 1.0 ነው። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በግድ የገባ ቡሎን ግን ማስተሩን ያበላሻል።

በከተማችን የግብርናና የግንባታ ማሽን የሃይድሮሊክ ቱቦ በልክ ቆርጠው የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸውም ጎበዝ ነው። ለፍሬን እንዲሠሩላችሁ ግን አትጠይቋቸው። ያ ቱቦ ለማሽን ዘይት የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ከፍሬን ፈሳሽ ጋር አይስማማም። ያው የዘይቱ ታሪክ ተገልብጦ ይመጣል።

ቱቦው በሚገጠምበት በሁለቱም ጫፍ፣ በሁለቱም ወገን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይገባል፤ በድምሩ አራት። አሮጌው አንዴ ስለተጨፈለቀ ሁለተኛ አያሽግም። ቡሎኑ የሚጠብቅበት ጉልበት በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የሞተራችሁን መመሪያ እዩ። መለኪያ ያለው መፍቻ ከአንድ ጋራዥ ለሰዓት ተከራየሁ። ካሊፐሩን ከሹካው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖችም በእርሱ አጠበቅሁ፤ በእጅ ግምት መተማመን እዚህ ቦታ ላይ አይገባም።

አየር ማስወጣት ለእኔ ከሁሉም የቀለለኝ ነው፤ ከሙያዬ ጋር ስለሚቀርብ ይሆናል። መርፌ ከመውጋታችን በፊት ሲሪንጁን ወደ ላይ አቁመን አየሩን የምናስወጣው አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው። አየር ይጨመቃል፣ ፈሳሽ አይጨመቅም፤ የተቋጠረ አየር ካለ የእጃችሁ ጉልበት አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። የተለመደው ዘዴ ከላይ እየሞሉ ከታች ማስወጣት ነው፦ ማንሻውን ጨብጦ መያዝ፣ ቡሎኗን መክፈት፣ መዝጋት፣ ከዚያ ማንሻውን መልቀቅ። ቅደም ተከተሉ ከተሳተ አየሩ ተመልሶ ይገባል። እኔ ግን ባዶ የነበረውን ቱቦ የሞላሁት ከታች ነው። አዲስ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ ግልጽ ቱቦ ሰካሁ፣ ፈሳሹን ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ከአየር ማስወጫዋ ጋር አገናኝቼ በዝግታ ወደ ላይ ገፋሁ። አረፋው እየተከታተለ ማስተሩ ላይ ብቅ አለ። ታናሽ ወንድሜ ላይ ሆኖ እንዳይፈስ በሌላ ሲሪንጅ ይቀዳ ነበር። በመጨረሻ በተለመደው ዘዴ ደጋገምኩና ማንሻውን በጎማ ገመድ ከመሪው ጋር አስሬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው ማንሻው ገና በሩቡ ላይ እንደ ድንጋይ ቆመ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን እንደዚያ ቆሞ አያውቅም።

ለዚህ ሥራ የዋለ ሲሪንጅ ለሌላ አገልግሎት መመለስ የለበትም፤ እኔ ወዲያው ሰብሬ ጣልኩት። የፍሬን ፈሳሽ መርዝ ነው። የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ፣ ልጆች ከሚደርሱበትም አርቁ።

ስለ ቁጥሮቹ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ባጭሩ፦ ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዶት 4 እስከ 230። ውሃ ሲጠጡ ግን ዶት 3 ወደ 140፣ ዶት 4 ወደ 155 ይወርዳሉ። ውሃው ከአየር ነው የሚመጣው፤ በሐይቅ ዳር ከተማ፣ በክረምት፣ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ሳይታይ ይጠጣል። ፈሳሹ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃልና ማንሻው ባዶ ይገባል። በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። ዶት 5 የሚባለው ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ መስሏችሁ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አትቀላቅሉት።

የኋላው ታምቡሮ ቀላል ነበር። ስከፍተው ዱቄቱን በአፌም በፓምፕም አልነፋሁም፤ ምንነቱ ያልታወቀ ሸራ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠረግሁት። ሸራዎቹን የሚከፍተው ካም ደርቆ ነበር፤ አውጥቼ አጸዳሁት፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም ትንሽ ቀባሁ። ከመጠን ያለፈ ግራሶ ሸራው ላይ ይደርሳል። ከውጭ ያለው ክንድ ፔዳሉ ሲረገጥ ከሚጎትተው ዘንግ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ አስተካከልኩ፤ ክንዱ ከዚያ አልፎ ከተጋደመ እግራችሁ የሚጥለው ጉልበት ይባክናል።

አዲስ ሸራ ገጥሞ ወዲያው መንገድ መውጣት አደጋ ነው። ግቢ ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት፣ ሞተሩን እየገፋሁ፣ ከዚያ ተቀምጬ ፈተንኩት። የፍሬን መብራቱ መብራቱን አየሁ፣ የቱቦውን ጫፎች በነጭ ወረቀት ጠርጌ የሚያንጠባጥብ መኖሩን አየሁ። እሁድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ገለጥ ያለ መንገድ ላይ ወጥቼ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 5 ሃያ ጊዜ ያህል ለዘብ አድርጌ አቀዘቀዝኩት፤ በመካከሉ ነፋስ እንዲያበርደው እየነዳሁ። በሞቀ ዲስክ ላይ ማንሻውን ጨብጦ መቆም አይገባም። ሸራውና ዲስኩ ፊት ለፊት የሚተዋወቁት በዚህ ነው።

ከመፍታቴ በፊት በዚያው መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ምሰሶ ጋ ስደርስ ፍሬን ይዤ የቆምኩበትን በእርምጃ ለክቼ ነበር፤ 21 እርምጃ። ከማላመዱ በኋላ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ 13፣ 14፣ 13። ዲስኩ ያው አሮጌው ዲስክ ነው፣ ማስተሩም ያው አሮጌው ማስተር። ሚስቴ መንገድ ዳር ቆማ ስትቆጥርልኝ ነበርና ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ከኋላህ ልቀመጥ እችላለሁ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ስትል የነበረች ሴት ናት።

አንድ ነገር ግን አስተካክዬ መንገር አለብኝ። በመጀመሪያው ዝናብ ገብርኤል አደባባይ አጠገብ እንደ ድሮው በሙሉ ጉልበቴ ስጨብጥ የፊት ጎማው ተንሸራተተ። ለስላሳው ፍሬን መጥፎ ልማድ አስተምሮኝ ነበር፤ በአንዴ መጨበጥ። የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ በሁለት ጣት ቀለል አድርጎ ክብደቱ ወደ ፊት እንዲመጣ መጠበቅ፣ ከዚያ እየጨመሩ መጨበጥ ይፈልጋል። ጎማዬም ያረጀና የደረቀ ስለነበር በዚያው ሳምንት ቀየርኩት። ከእንግዲህ የሚያቆመኝ የጎማው መሬት መያዝ ነው፤ ጋሼ እንዳሉትም ትልቅ ዲስክ የሚያስፈልገኝ ሆኖ አላገኘሁትም።

ማስተሩ ላይ በነጭ ፕላስተር ሁለት ነገር ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ «ዶት 4 ብቻ» የሚል እና ፈሳሹ የተቀየረበት ወር። ባለፈው ጥር ሁለት ዓመት ስለሞላው ለውጬዋለሁ፤ የወጣው እንደ ደካማ ሻይ ጠይሞ ነበር፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ ሳደርገው ግን ምንም ሳይንሳፈፍ ተዋሃደ።